ያልተጣሉት ጎረቤቶች

ኤፍራታና ሳምሪ መጣላታቸውን በሰፈሩ የማያውቅ አልነበረም። በምን እንደተጣሉ ግን የሚያውቅ አልነበረም። ቤታቸውን የሚለየው ሁለት አጥር ነው። ከአንድ ቧንቧ ይቀዳሉ፤ ጭቃ ሲሆን በአንዲት ጠባብ የድንጋይ መረማመጃ ላይ ይተላለፋሉ። ሲገናኙ አንዷ የነጠላዋን ጫፍ ታበጃለች፣ ሌላዋ ከተራራው በላይ ያለውን ደመና ታያለች።

ጂንካ ውስጥ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ባጃጅ ላይ ጎን ለጎን የተቀመጠ የማያውቁት ሰው እንኳ ጤና ይስጥልኝ ሳይባል አይወረድም። አንዳንዱ ሰው ጠቡ በውሃ ወረፋ ነው አለ፤ አንዳንዱ የሳምሪ ዶሮ የኤፍራታን ጎመን ጭራው ነው አለ። የኤፍራታ አማት እማማ ሽታዬ፣ በሰፈራቸው ሰው ተኳርፎ ካደረ እህል የማይወርድላቸው ሴት ናቸውና፣ ጎረቤታቸውን አቶ ሀብተ ማርያምን ሽምግልና ላኩ። አቶ ሀብተ ማርያም ከግብርና ቢሮ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ዋና ሥራቸው ማስታረቅ ነው። ሁለቱንም ለየብቻ ጠርተው ጠየቁ። ሁለቱም አልተጣላንም አሉ። ሽማግሌው ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ ወደ እማማ ሽታዬ ተመለሱና፣ ነገሩ ከጠበቁት በላይ ከባድ መሆኑን ነገሯቸው።

እውነቱ ግን ሁለቱ ሴቶች ያሉት ነበር። አልተጣሉም።

ኤፍራታ የተወለደችው ከከተማው በእግር ግማሽ ቀን በሚያስኬድ የአሪ መንደር ነው። ዘጠነኛ ክፍል ስትደርስ፣ እንደ መንደሯ ልጆች ሁሉ፣ ጂንካ ገብታ ከሌሎች ሴት ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራየች። ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ቤቷ ትወጣና የሳምንት ቆጮዋንና ጎደሬዋን አዝላ ትወርዳለች። አሥራ ሁለተኛን ጨረሰች፤ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት ግን አልመጣላትም። አልቅሳ ስትጨርስ ሱቅ ተቀጠረች። እዚያ ሳለች ነው ተስፋሁን የሚባል የባጃጅ ሹፌር፣ የማይፈልገውን ባትሪ ድንጋይ እየመጣ መግዛት የጀመረው። እሷ የቃለ ሕይወት ልጅ፣ እሱ አያቱ ከሰሜን መጥተው እዚህ የቀሩ የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ልጅ ነው። ሁለቱም ወገን ጥቂት አጉረመረመ፤ ከዚያ ለመደው።

ስታረግዝ ለክትትል ሄደች። ደሟ ሲታይ ቫይረሱ ተገኘባት። ከማን፣ መቼ የሚለውን ስታስብ ብዙ ቀን ባጀች። ማሰቡ ለሆዷ ልጅ ምንም እንደማይረባው ሲገባት ተወችው። ተስፋሁንም ተመረመረ፤ እሱ ነፃ ሆነ። የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ ላይ ሲያዞር ቆየና፣ መድኃኒት አለው አይደል ብሎ ጠየቃት። አለው አለችው።

«እንግዲያ ዋጪዋ» አለ። «ለእናቴ ግን እንዳትነግሪ።»

ይህን ያለው በምክንያት ነው። እማማ ሽታዬ ወንድማቸው በዚሁ በሽታ በሞተ ጊዜ ፍራሹንም ሳህኑንም በገዛ እጃቸው ከጓሮ ያቃጠሉ ሴት ናቸው። ያ ዘመን መድኃኒት ያልነበረበት ዘመን ነው። ቢሆንም ያ የተቃጠለበት ቦታ ላይ እስከ ዛሬ ጎመን አይተከልበትም።

በዩኒቨርሲቲው ግቢ ጥግ አንድ ማዕከል አለ። ምርምሩን፣ ሕክምናውንና ትምህርቱን በአንድ ጣሪያ ሥር ይዟል። ባንዱ ክፍል ተመራማሪዎች ከአርቦሬም ከሐመርም የመጡ እናቶችን በአስተርጓሚ ያነጋግራሉ፤ ባንዱ መድኃኒት ይሰጣል፤ ባንዱ ትምህርት አለ። ኤፍራታ መድኃኒቷን የጀመረችው፣ ልጇን ዮሴፍን ከወለደች በኋላም የምትከታተለው እዚያ ነው። ሲስተር ኤልሳ የምትባለው የማዕከሉ ነርስ አነጋገሯን ወደደችላትና፣ አዲስ የሚመጡ እናቶችን እንድታስተምር አስቀጠረቻት። የምታስተምረው የራሷን ነው፤ ኪኒኑ እንዴት እንደሚዋጥ፣ ሕፃኑ ሽሮፑን እንዴት እንደሚወስድ፣ ለቤተሰብ እንዴት እንደሚነገር። የመጨረሻውን ግን ራሷ ገና አላደረገችውም። እማማ ሽታዬ ምራታቸው ካርድ ክፍል የምትሠራ ይመስላቸዋል፤ የዮሴፍም ሽሮፕ ቫይታሚን ነው የተባሉት።

ሥራ በጀመረች ዕለት ሲስተር ኤልሳ አንድ ነገር አስጠነቀቀቻት። «መንገድ ላይ ካየሻቸው አታውቂያቸውም። ቀድመው ሰላም ካሉሽ መልሺ። ካላሉሽ አንቺ ግድግዳ ነሽ።»

እና አንድ ቀን ሳምሪ ልጇን አዝላ በዚያ በር ገባች።

እስከዚያ ቀን ጨው የሚበዳደሩ ጎረቤቶች ነበሩ። ሳምሪ ኤፍራታን ከጠረጴዛው ኋላ ስታያት በሩ ላይ ቆመች። ሳምሪ መድኃኒቷን ወስዳ፣ ነጠላዋን እስከ ግንባሯ ስባ ወጣች። ከዚያ በኋላ ሰላም አላለቻትም፤ ኤፍራታም ግድግዳ ሆነች። ጠቡ ይሄው ነበር።

ከፋሲካ በፊት ጀምሮ ደግሞ ሳምሪ ማዕከሉ መምጣት አቆመች። ስልኳ አይነሳም። ኤፍራታ ሄዳ በሯን እንዳታንኳኳ ሰፈሩ ሁሉ ሊታረቁ ነው ብሎ ይሰበሰባል። ሌላ ሰው ቢላክ ደግሞ፣ ይሄ ማን ነው ተብሎ ይጠየቃል። ከሁሉ በላይ የሚያንገበግባት፣ ሳምሪ የቀረችው እሷን ፍራቻ መሆኑን ማወቋ ነበር። ከአጥሩ ማዶ የሳምሪ ልጅ ሲያለቅስ በሰማች ቁጥር ልጁ አሁንም እንደሚጠባ ታስባለች። መድኃኒቱ ከተቋረጠ ወዲህ ወተቷ ምን እየሆነ እንደሆነም ታስባለች።

ሚያዝያ ላይ ዳጊ፣ የእማማ ሽታዬ የመጨረሻ ልጅ፣ ሴት ልጅ ወለደች። ለአራስነት እናቷ ቤት ገባች። ሳምንት ሳይሞላት ትኩሳት ያዛት፣ ደሙም አልቆም አለ። አንድ እሑድ ማለዳ አምቡላንስ መጥቶ ወደ አርባ ምንጭ ወሰዳት። ባሏ ለማ አብሯት ተሳፈረ። ዝናቡ ስላላባራ እማማ ሽታዬ ሕፃኗን በዚያ መንገድ አልሰድም ብለው ነጥቀው አስቀሯት። ሁሉም በድንጋጤ ላይ ስለነበር የሚከራከራቸው አልተገኘም። አምቡላንሱ ከታጠፈ በኋላ ነው ሕፃኗ ምን እንደምትጠባ የታሰበው።

ተስፋሁን የጣሳ ወተት ሊፈልግ ባጃጁን አስነስቶ ወጣ። እሑድ ነው፤ መድኃኒት ቤቱ ሁሉ ተዘግቷል።

እማማ ሽታዬ ግን የተጨነቁ አይመስሉም ነበር። በቤታቸው የተለመደ ነገር አለ። ወተት ያላት ሴት ካለች፣ በዚያ ቤት ጡት የሚያጣ ልጅ የለም። ተስፋሁንን ያጠቡት ሁለት ሴቶች ናቸው። የአቶ ሀብተ ማርያምን ትልቋን ልጅ ያጠቡት እሳቸው ራሳቸው ናቸው፤ ልጅቷ እስከ ዛሬ እማዬ ትላቸዋለች። ዮሴፍ አምስት ወሩ ነው። እናቱ እዚሁ ቤት አለች። ምን ችግር አለ?

የምትጮኸውን ሕፃን አቅፈው ወደ ኤፍራታ መጡ። ጎረቤቷ ሰምሃል የራሷን ልጅ ከዮሴፍ አጠገብ አልጋው ላይ አስተኝታ እሳት ታነዳለች፤ ሌሎችም ሴቶች ነበሩ።

«እንቺ ኤፊ» አሉ እማማ ሽታዬ።

ኤፍራታ እጇን አልዘረጋችም። ወተቷ መቀነሱን፣ ለዮሴፍም አልበቃ ማለቱን፣ ተስፋሁን አሁን ጣሳውን ይዞ እንደሚመጣ ነገረቻቸው። ድምፅዋን ራሷ አላመነችውም። እማማ ሽታዬ ጣሳ የሚለውን ቃል ሲሰሙ ፊታቸው ጠቆረ። የበኩር ልጃቸው በጣሳ ወተት ያደገ፣ ድክ ድክ ሳይል የሞተ ልጅ ነው።

ሕፃኗ እንደገና ጮኸች። ያ የአራስ ልጅ ጩኸት፣ ያጠባች ሴት ሁሉ የምታውቀው፣ ከጆሮ ሳይሆን ከደረት የሚገባ ነው። ኤፍራታ ጡቷ ሲወጠር ተሰማት። እጆቿን አጣምራ ደረቷ ላይ ተጫነች። አልጠቀማትም። ስስ አረንጓዴ ሸሚዟ ላይ ሁለት እርጥብ ክቦች ብቅ አሉና፣ ሴቶቹ እያዩአቸው ሰፉ።



«ይሄ የሚፈሰው ምንድን ነው ታዲያ? ላብ ነው?» አሉ እማማ ሽታዬ።

ሰምሃል ከምድጃው ቀና ሳትል፣ የጴንጤ ወተት ለኦርቶዶክስ ልጅ አይሆን ይሆናል አለች። አንዷ ሳቀች። ሌላዋ፣ ልጅቷ እንደሆን ገና አልተጠመቀች፣ ማን ያይባታል ብላ ጨመረች። እማማ ሽታዬ አልሳቁም። ምራታቸውን ከላይ እስከ ታች ሲያዩ ቆዩና፣ ሲናገሩ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ ነበር።

«ለዳጊ ልጅ ነፈግሻት። ይሁን። ሳምሪን ጥሩልኝ።» ወደ በሩ ዞረው ጨመሩበት። «በዚያውም ትታረቃላችሁ።»

የተላከው ሰው ሳምሪን ይዞ እስኪመጣ ኤፍራታ ብዙ ነገር አሰበች። ሳምሪ ሰበብ ታገኛለች። ሳምሪ እቤት የለችም። ተስፋሁን ይደርሳል። ጆሮዋን ወደ መንገዱ ጥላ የባጃጅ ድምፅ ጠበቀች። የሚሰማው ዝናብ በቆርቆሮው ላይ ብቻ ነው።

ሳምሪ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች ገባች። ልብስ ስታጥብ ነበር የጠሯት፤ ለምን እንደሆነ አልነገሯትም። እማማ ሽታዬ አስቀመጧትና ሕፃኗን ጭኗ ላይ አደረጉላት። እናቷ ሆስፒታል እንደሄደች፣ ልጅቷ ከሌሊት ጀምሮ እንዳልጠባች፣ እዚህ ቤት ያለችው ሴት ደግሞ እምቢ እንዳለች ነገሯት። ሳምሪ እምቢ የሚለውን ስትሰማ ቀና አለች። ለብዙ ወራት ያላደረገችውን አደረገች፤ ኤፍራታን ዓይን ዓይኗን አየቻት።

«እኔ... ጉንፋን ይዞኛል እማማ» አለች።

«ጉንፋን በጡት አይተላለፍም።»

«ልጄም ተቅማጥ...»

«እናንተ ልጆች ምን ሆናችኋል ዛሬ?» እማማ ሽታዬ የሳምሪን ትከሻ ያዙ። «አንቺም እንደዚች ልትሆኚ ነው? ሁለታችሁ ተማክራችሁ ነው?»

ሴቶቹ ሥራቸውን አቁመው ያያሉ። የሳምሪ ከንፈር ነጣ። ሁለት ሴቶች ባንድ ቀን እምቢ ካሉ፣ ነገ ይሄ ሰፈር ምክንያቱን ፈልፍሎ ያገኘዋል። ኤፍራታ ይህ ሐሳብ በሳምሪ ፊት ላይ ሲያልፍ እንደ ጽሑፍ አነበበችው። ሕፃኗ አፏን ከፍታ በቀሚሱ ላይ ትፈልጋለች። የሳምሪ ጣቶች ቀስ ብለው ወደ ቀሚሷ ቁልፍ ሄዱ። አንዱን ፈታች።

ኤፍራታ የሳምሪን ነገር ብትናገር ያስተማሯትን፣ የማለችበትንም ትሰብራለች፤ ሳምሪም እስከ ወዲያኛው ወደ ማዕከሉ አትመለስም። ዝም ብትል ሕፃኗ ትጠባለች። ከነዚህ ሌላ የቀረ አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም የራሷ ነው።

ተራምዳ ሄዳ ሕፃኗን ከሳምሪ ጭን ላይ አነሳቻት።

«አሁን ደግሞ ቀናሽ?» አሉ እማማ ሽታዬ።

«ቫይረሱ በደሜ አለ እማማ። ኤች አይ ቪ። እምቢ ያልኩዎት ለዚህ ነው።»

ኤፍራታ ካሁን በኋላ ካቆመች መቀጠል እንደማትችል ስለገባት፣ ትንፋሽ ሳትወስድ ጨመረች። «ለዚህች ልጅ ከእናቷ በቀር ማንም ጡት አይስጣት። በዓይን አይታወቅም። ሳምሪም ትሁን፣ ሰምሃልም ትሁን፣ ማንም። ባላውቅ ኖሮ እኔም ሰጥቻት ነበር።»

ሰምሃል ከምድጃው ተነሥታ ወደ አልጋው ሄደች፤ የተኛ ልጇን ከዮሴፍ አጠገብ አንሥታ አቀፈች። ኤፍራታ አየቻት። ሳምሪ የፈታችውን ቁልፍ መልሳ ቆለፈች። ከኤፍራታ በቀር ይህን ያየ የለም፤ ሁሉም የሚያየው እሷን ነው።

«ልጄስ?» አሉ እማማ ሽታዬ።

«ተስፋሁን ነፃ ነው። ከመጀመሪያው ያውቃል።»

እማማ ሽታዬ ቁጭ አሉ። ቆይተው፣ ነገሩ አሁን የመጣላቸው ይመስል፣ ወደ አልጋው ተመለከቱ። «ዮሴፍን ግን ታጠቢያለሽ። ለሰው ልጅ የማይሆን ወተት ለራስሽ ልጅ እንዴት ሆነ?»

ይህን ጥያቄ ማዕከሉ ውስጥ ብዙ እናት ጠይቃታለች፤ መልሱን ደጋግማ ተናግራዋለች። እዚህ ግን ቃሉ አልመጣላትም። ሕፃኗን እያባበለች ፈለገችው።

«ያ ሽሮፕ ቫይታሚን አይደለም እማማ። ዮሴፍ ከተወለደ ጀምሮ መድኃኒት ላይ ነው፤ ደሙም ታይቷል፣ ገና ይታያል። እኔም ኪኒኔን አንድ ቀን አላለፍኩም፤ መድኃኒቱ ቫይረሱን አሳንሶታል። ያም ሆኖ በሙሉ ልብ ተኝቼ አላውቅም። ያንን ፍርሃት እናቱ ስለሆንኩ እኔ እሸከመዋለሁ። በዳጊ ልጅ ላይ ግን ማን ፈቀደልኝ?»

ሳምሪ ተነሥታ በሩ ጋ አንዴ ዞር ብላ ኤፍራታን አየቻትና ወጣች።

የባጃጁ ጥሩምባ የተሰማው ከዚያ በኋላ ነው። ተስፋሁን ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ አንድ ፋርማሲስት ከቤቱ ለምኖ አስወጥቶ ያገኘውን ጣሳ ይዞ ገባ። የቤቱን ጸጥታ፣ የሚስቱን ሸሚዝ፣ የእናቱን ፊት አየ። ነገሩ ገባው። ኤፍራታ ውሃ አፈላች፤ ወተቱን በትንሽ ሲኒ በጠበጠች። ልታጠጣት ስትል እማማ ሽታዬ እጃቸውን ዘርግተው ሕፃኗንም ሲኒውንም ወሰዱባት። ጀርባቸውን ሰጥተዋት ጠብ ጠብ እያደረጉ አጠጧት። ሕፃኗ እየሳለች፣ እየተናነቀች፣ በመጨረሻ ዝም አለች።

የሰፈሩ ወሬ እንደተፈራው ሆነ። ሰምሃል ለማንም አልነገርኩም ትላለች፤ በሳምንቱ ግን ቧንቧው ጋ ኤፍራታ ስትደርስ ወረፋው በራሱ ይከፈትላት ጀመር። አንዳንዱ እንደ ለቀስተኛ አንገቱን ደፍቶ ሰላም ይላታል። ቤት ውስጥ እማማ ሽታዬ አንድ ሰማያዊ ኩባያ ለይተው መስኮቱ ላይ አስቀመጡላት። ኤፍራታ በሱ ጠጣች። ተስፋሁን ሌላ ቤት እንከራይ አለ። ትንሽ እንታገሥ አለችው። እናትየው ወንድማቸውን በቀበሩበት ዘመን የተማሩትን ባንድ ሳምንት ይርሱ ማለት አይቻልም ብላ አሰበች። ቢሆንም ኩባያውን ባየችው ቁጥር የተቃጠለው ፍራሽ ሽታ የሚሸታት ይመስላት ነበር።

ዳጊ ድና ከአርባ ምንጭ ስትመለስ፣ ገና ከመግባቷ ውሃ ጠማኝ አለችና ቅርቧ ያለውን ሰማያዊውን ኩባያ አንሥታ ጠጣች። እማማ ሽታዬ አፋቸውን ከፈቱ። ልጃቸውን፣ ከዚያ ኤፍራታን አዩ። አፋቸውን መልሰው ዘጉ። በማግሥቱ ኩባያው ከሌሎቹ ጋር ታጥቦ ተደርድሯል።

ከዚያ አንድ ጠዋት እማማ ሽታዬ ጃንጥላቸውን ይዘው ከኤፍራታ ጋር ባጃጅ ላይ ወጡ። የዮሴፍን ነገር ከሐኪም አፍ እሰማለሁ አሉ። ኤፍራታ እሳቸውን የምታስቀርበት ሰበብ ስትፈልግ መንገዱ አለቀ። ምክንያቱም ሳምሪ ከዚያ እሑድ በኋላ ወደ ማዕከሉ ተመልሳለች። ገብታ፣ ቀድማ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ነበር ሰላም ያለቻት። ከዚያ ሲስተር ኤልሳ ጋ ሄዳ መድኃኒቷን እንደገና ጀመረች፤ የልጇም ደም ተወስዷል፤ ውጤቱን ትጠብቃለች። ዛሬ ደግሞ ቀጠሮዋ ነው።

ኤፍራታ አማቷን በጓሮ በር ልታስገባቸው አሰበች። እማማ ሽታዬ ግን እግራቸው ፈጣን ነው፤ እሷ የባጃጁን ሒሳብ ስትከፍል እሳቸው ዋናውን በር አልፈው ነበር። ስትደርስባቸው ኮሪደሩ መሐል ቆመዋል። ከፊታቸው አግዳሚው ላይ ሳምሪ ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች።

የሳምሪ ፊት ደም አልነበረበትም። ልጇን ጠበቅ አድርጋ ያዘች። እማማ ሽታዬ የአላፊ አግዳሚውን ሁሉ ጤና፣ የከብቱን ደኅንነት ሳይቀር የሚጠይቁ ሴት ናቸው። አሁንም አፋቸው ለሰላምታ ተከፍቶ ነበር። ሳምሪን አዩ፤ የታቀፈችውን ልጅ አዩ። ዘወር ብለው ምራታቸውን አዩ። የሆነ ነገር በፊታቸው ላይ ቀስ ብሎ ቦታውን ያዘ።

የነጠላቸውን ጫፍ አበጁ። ግድግዳ ላይ ወደተለጠፈው ሥዕል ዓይናቸውን መልሰው፣ ሳምሪን የማያውቋት ሰው ሆነው፣ አልፈው ሄዱ።

ሲስተር ኤልሳ እስካሁን ዮሴፍ ነፃ መሆኑን፣ የመጨረሻው መልስ ግን ጡት ካቆመ በኋላ እንደሚታወቅ ነገረቻቸው። ለምን አሁን አይታወቅም ብለው ተከራከሯት። 

እቤት ሲደርሱ አቶ ሀብተ ማርያም በረንዳው ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። የሁለቱን ልጆች እርቅ ለመጪው እሑድ እንዳዘጋጁ፣ ሌላም ሽማግሌ እንደጨመሩ አስረዱ። እማማ ሽታዬ ጃንጥላቸውን አራግፈው አጠፉ።

«ይተዉአቸው» አሉ። «አልተጣሉም።»

«እርስዎ አይደሉም እንዴ ያስቸገሩኝ?»

«ተሳስቼ ነው» አሉና፣ ዮሴፍን ከኤፍራታ ጀርባ አውርደው ይዘውት ገቡ።